የእድራችን ብሎግና አሻሻዩ ቦጂያ

ሰውን ያጠፋው በገንዘብ የሚሸጥ ነገር አይደለም፤ በነፃ የሚታደል ነው። ይህንን የምለው ተመራምሬ ሳይሆን ደርሶብኝ ነው።

በየሰፈሩ አንድ አሻሻይ አለ። ታውቁታላችሁ። ሊጠይቃችሁ ቤታችሁ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ ዓይኑ ግድግዳ ለግድግዳ ይንከራተታል። «ይህ ቴሌቪዥን ለምን ሰባት ቻናል ብቻ ያሳያል?» ይላል። ሲወጣ ቴሌቪዥናችሁ ሦስት መቶ ቻናል ያሳያል፤ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙ በአረብኛ ነው፤ የቀረው አንዱ ምንጣፍ ይሸጣል፤ የድሮዎቹ ሰባቱ የሉም። ስልካችሁን «እስኪ አንዴ» ብሎ ይቀበላችኋል። ሲመልስላችሁ ባትሪ የሚቆጥብ ፕሮግራም ተጭኖበታል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባትሪው ምሳ ሰዓት አይደርስም። ስትቆጡት ከልቡ ይደነግጣል። «ምን ችግር አለው፣ ነፃ ነው እኮ» ይላል።

የኛ ሰፈር አሻሻይ፣ የቡራዩው ማለቴ ነው፣ ክቡር ኢንጂነር ቦጂያ ዋቆ ይባላል። ኢንጂነርነቱን የሰጠነው እኛ ነን፤ በነፃ። ከአስፋልቱ ዳር ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽንና ኢንተርኔት ቤት አለው። ቤቱ ውስጥ አራት ኮምፒውተሮች አሉ። አንዱ ይሠራል፤ ሦስቱ እየተሻሻሉ ነው።

እኔ ደግሞ፣ ኃጢአቴ ብዙ ነውና፣ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነበርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የቆየ እድር ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ቤት። ድሮ ሰው ሲሞት አለሙ ጥሩምባውን ይዞ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ይዞር ነበር፤ በቃ። ኋላ ግን አባላቱ ተበተኑ። አንዱ ኪራይ ሸሽቶ ሰበታ ገባ፤ አንዷ ሱሉልታ ተዳረች፤ አንዱ ዓለም ገና ባጃጅ ገዛ። የአለሙ ሳምባ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጎለብት ሱሉልታ አይደርስም። ስለዚህ በ2007 አጋማሽ ለእድሩ ነፃ ብሎግ ከፈትኩ። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ፊደል፦ የሟች ስም፣ የቀብር ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ። ልጅ በስልኩ ከፍቶ ለአባቱ ያነብለታል፤ አባት ጋቢውን ደርቦ ይወጣል። አምስት ወር ሙሉ «አልሰማሁም» ያለ ሰው አልነበረም።

ቦጂያ ይህንን መቋቋም አቃተው።

«ጋሼ» አለኝ አንድ ጠዋት ሁልጊዜ በምቀመጥበት ካፌ፣ ማኪያቶዬን ከፊቴ ወደ ጎን ገፍቶ ላፕቶፑን እያስቀመጠ። «ይህ ብሎግ ባዶ ነው።»

«የቀብር ማስታወቂያ ነው ልጄ። ምን ልሙላበት?»

«ፕለጊን።»

ፕለጊን ማለት፣ ለማታውቁ ለታደላችሁት፣ ብሎግ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ዕቃ ነው። ብሎጉ የማይችለውን ያስችለዋል፤ የሚችለውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያስተወዋል። ቦጂያ እንደሚለው በዓለም ላይ አርባ ሺህ ነፃ ፕለጊን አለ። የኛ እድር እስከዚያ ቀን አንዱንም አልሰካም። ለቦጂያ ይህ ከድህነት በላይ ድህነት ነበር።

የይለፍ ቃሉን ባልሰጠው ኖሮ ይህንን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የሰጠሁት ግን በእናቱ ምክንያት ነው። እማማ ፀሐይ የጎጃም ሰው ናቸው። ከአርባ ዓመት በፊት ወደዚህ መጥተው የቡራዩን ገበሬ ኦቦ ዋቆን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አገቡ። ሲቆጡ በኦሮምኛ፣ ሲመርቁ በአማርኛ ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ሲያደርጉ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ኩላሊታቸው ታሞ ነበር። ሐኪሞቹም ወሬ ማሳጠር ጀምረዋል።

«የእማዬ ቀን ሲመጣ» አለኝ ቦጂያ፣ ስክሪኑን እያየ፣ «ማንም አልሰማሁም እንዲል አልፈልግም። የአባቴም ወገን የእሷም ወገን በአንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ጋሼ። ይህ ገጽ ሁሉም ጋ መድረስ አለበት።»

እንዲህ ለሚል ሰው የይለፍ ቃል አይከለከልም። ሰጠሁት።

መጀመሪያ የሰካው የጎብኚ ቆጣሪ ነው። ከእያንዳንዱ ሟች ስም በታች ስንት ሰው እንዳየው በአረንጓዴ ቁጥር ይጻፋል። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ዱርሲቱ ካፌው ድረስ መጣች። «የኔ ባል ዘጠና አንድ፣ የጎረቤቴ ባል ሦስት መቶ አርባ? ባሌን ማን ነው የጠላው?» አለችኝ። ሰው መጥላት ሳይሆን የስልክ ነገር መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። አልተከራከረችም። ልጆቿን ሰብስባ ቤቷ ገባች፤ ተራ በተራ ሲከፍቱና ሲዘጉ ሰነበቱ። ባሏ ከዚህ ዓለም በተለየ በሦስተኛው ሳምንት ሺህ ገባ።

ቀጥሎ ማጣሪያ መጣ። ቆሻሻ አስተያየቶችን፣ የማስታወቂያ ጋጋታን የሚከላከል፣ እጅግ ጠቃሚ ፕለጊን ነው፤ ነፃ ነው። ፕለጊኑ አንድ ዓይነት ቃል ከብዙ ሰው ሲመጣ ቆሻሻ ነው ብሎ ይጥላል። እናንተ ሆዬ፣ ለቀስተኛ ሁሉ የሚጽፈው «ነፍስ ይማር» ነው። መቶ ሰባ «ነፍስ ይማር» ተጣለ። አንድ አስተያየት ብቻ አለፈ፤ የፀጉር መነቃቀልን በአሥር ቀን የሚያቆም ዘይት የሚሸጥ ሰው ነበር። የሟች ቤተሰብ ሳምንቱን ሙሉ ከእሱ በቀር ያጽናናቸው አልነበረም።

ከዚያ «ተዛማጅ ጽሑፎች» የሚባለው መጣ። አንዱን መርዶ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከሥር አራት ፎቶ ይደረድርላችኋል። ከብሎጉ ውስጥ ራሱ ነው የሚመርጠው። ሦስቱን ሟቾች በትክክል መረጠ። አራተኛው የእድሩ ዳኛ የኦቦ ነገሳ ፎቶ ነበር፤ ስብሰባ ሲመሩ የተነሱት። በማግሥቱ ከሱሉልታ አንድ ሚኒባስ ሙሉ አማቶቻቸው እያለቀሱ በራቸው ላይ ሲወርዱ ኦቦ ነገሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጡ ነበር። ተነሥተው አስገቧቸው፤ ምሳ አበሏቸው፤ እስከ መኪናው ሸኟቸው። ማታ ደወሉልኝ።

«አንተ ጸሐፊ፣ እኔ ሞቻለሁ እንዴ?»

«አልሞቱም፣ ኦቦ። ቦጂያ ነው።»

«ከጫንጮ ዘመዶቼ ግን ማንም አልመጣም» አሉ። «ይህንን ማወቄ ጥሩ ነው።»

ያን ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር እንደ ችግር ይቆጠር ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀናኛል።

ኅዳር 2008 መጣ። ማስተር ፕላን የሚል ቃል ከካፌ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፤ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ሱሉልታ፤ መሬት ሊወሰድ ነው ተባለ። ተማሪዎች ወጡ። አስፋልቱ ላይ ጎማ ነደደ። ሱቅ ጠዋት ይከፈታል፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ማንም አያውቅም። እኛ የእድር ሰዎች ሥራችን ሽማግሌ መቅበር ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መዘገብን፤ የአባላችን ልጅ ኢብሳ።

ማስታወቂያውን ስጽፍ በምን ሞተ የሚለው ቦታ ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ሃያ ሁለት ዓመት «በሕመም» ወይም «በእርጅና» ስንጽፍ ነው የኖርነው። እውነቱን ብጽፍ ለእኔም ለአባቱም ሌላ መዘዝ ነው። «በድንገት» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ወደ ገጹ ስመለስ በልጁ ስም ላይ ነጭ ነጭ ነገር ይወርድ ጀመር።

በረዶ ነው። ቦጂያ ለገና በዓል ብሎ የሰካው ፕለጊን ነው፤ ገጹ ላይ ከላይ ወደ ታች በረዶ ያወርዳል። በኋላ ስናየው ቀኑን የሚቆጥረው በፈረንጅ ኖሮ ከኛ ገና በፊት በራሱ ጊዜ ጀምሯል። ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ቦጂያ ቀድሞኝ አይቶታል። ሊያጠፋው እየሞከረ ማጥፊያውን አጥቶ ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይነካካል። በዚህ መሀል የልጁ ወንድም ፎቶ ሊያሳትም ገባና ከትከሻችን በላይ አየ።

«አመድ ነው አይደል ያደረጋችሁበት?» አለ።

ቦጂያ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት። «አዎ» አልኩ። «አመድ ነው።»

ወንድሙ ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። ይቆይ።»

ስለዚህ በረዶው ሦስት ቀን ሙሉ ወረደ።

ከዚያ ቀብር በኋላ ሰው መቁጠር ጀመረ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ። መንገድ ተዘግቶበት የቀረ አለ፤ ፈርቶ የቀረ አለ፤ ሳይፈራም የቀረ አለ። ማን በምን ምክንያት እንደቀረ የሚለይ ፕለጊን ግን አልተሠራም። ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። እኛ ዘንድ ግን ቆጠራው አልቀረም። የካቲት ላይ እድሩ ሲሰበሰብ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ማስታወቂያው ከእንግዲህ በኦሮምኛ ይጻፍ፣ አባቴ አጠገብ አማርኛ የሚያነብለት ሰው የለም አለ። ብረታ ብረት ነጋዴው አቶ ሰለሞን ተነሥተው ሃያ ሁለት ዓመት በአማርኛ ሲጻፍ ማን ሞቶ ሳይቀበር ቀረ አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፣ እስካሁን የማን እንደሆነ አላወቅሁም፣ «እንካፈላ» አለ።

ቦጂያን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። እናቱ በዚያ ሳምንት ከአልጋ አልተነሡም ነበር። እጁን አወጣ።

«ለዚህ ፕለጊን አለ» አለ።

ማንም አልሳቀም። እሱም ለማሳቅ አልነበረም። ገጹ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ይደረጋሉ፤ አንዱን ስትጫነው በአማርኛ፣ ሌላውን ስትጫነው በኦሮምኛ ይነበባል። ማንም ከማንም አይቀድምም። ኦቦ ነገሳ ወደ አቶ ሰለሞን ዞረው «ምን ይመስልሃል?» አሉ። አቶ ሰለሞን «ይሞከራ፣ ኦቦ» አሉ። በዚያ ክረምትና በጋ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ቦጂያ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። የሃያ ሁለት ዓመት ሟቾችን ከመዝገቡ እያወጣ በሁለቱም ቋንቋ ጻፈ፤ ኦሮምኛውን እናቱ ናቸው ከአልጋ ላይ ሆነው ያረሙት።

አንድ ነገር ብቻ አላየም። ነፃው ፕለጊን ከየቋንቋው ቁልፍ ጎን በራሱ ባንዲራ ይለጥፋል። ለአማርኛ የለጠፈው መሀሉ ላይ ኮከብ የሌለውን ነው። በሕግ የተከለከለው ማለት ነው፤ ባለ ኮከቡ የሚገኘው በክፍያ ነው። ለኦሮምኛ ደግሞ ፕለጊኑ ምንም አልነበረውም፤ ባዶ ሳጥን ሆነ። ቦጂያ ባዶ ሳጥን አይቶ የሚያልፍ ሰው አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ፈለገና ቀድሞ የመጣለትን ሥዕል ለጠፈበት። ቀድሞ የመጣለት ደግሞ በዚያ ወር ይዞት የተገኘ ቀርቶ ትኩር ብሎ ያየው የሚጠየቅበት ባንዲራ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ገጽ፣ ሳንቲም በሚያካክሉ ሁለት ሥዕሎች፣ ሁለቱንም ወገንና መንግሥትን በአንድ ጠዋት ማስቆጣት። ስንት ድርጅት በጀት መድቦ ያልተሳካለትን ነገር ቦጂያ በነፃ ሠራው። ከረፋዱ በፊት ሁለት ፖሊሶች ካፌው መጥተው የብሎጉን ባለቤት ጠየቁ። ተነሥቼ ልቆም ስል ቦጂያ ከበሩ ገባ።

«እሱ ስልክ እንኳ መክፈት አይችልም» አላቸው። «እኔ ነኝ የለጠፍኩት።»

ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ያቺን ነው የማልረሳው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሠረ። ስንቅ ይዤ ስሄድ ስለ ራሱ አይጠይቀኝም። «እማዬ በላች? ማን ነው ከሷ ጋር ያለው?» ነው የሚለው። እውነቱን ለመናገር የአባቱ ወገን ሴቶች ጠዋት፣ የእናቱ ወገን ሴቶች ከሰዓት ይመጡ ነበር፤ በር ላይ ሲተላለፉ ግን አይነጋገሩም። ይህንን አልነገርኩትም። «ቤቱ ሰው አይጠፋበትም» አልኩት። ደስ አለው። ሲወጣ የጣቢያውን ፕሪንተር አሻሽሎ ወጣ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን በሁለት በኩል ያትማል፤ ሁለቱም በኩል አይነበብም።

ሚያዝያ ላይ እድሩ ተካፈለ።

ክፍፍሉ ጸጥ ያለ ነበር፤ ጩኸት ቢኖረው ይቀለኝ ነበር። ትልቁ ድንኳን ለኦቦ ነገሳ ወገን፣ ትንሹ ድንኳንና ጥሩምባው ለአቶ ሰለሞን ወገን። ድስቶቹ በልክ በልካቸው ተለዩ። ብሎጉን «እናንተ ውሰዱት»፣ «ኧረ እናንተ» ተባባሉ፤ በመጨረሻ ማንም ሳይወስደው እኔ ላይ ቀረ። መዝገቡ ሲነበብ ግን ሠላሳ አንድ ቤት ወዴትም አልወድቅ አለ። ባል ከዚህ፣ ሚስት ከዚያ። ወደ ማን እንደምትሄዱ በሳምንት ውስጥ አሳውቁ ተባሉ። የእማማ ፀሐይ ቤት አሥራ አራተኛው ላይ ነበር።

ቦጂያ በሁለቱም ተመዘገበ። ለሁለቱም የመግቢያ ከፈለ። ያ ሰው በዕድሜው በገንዘብ የገዛው ነገር ባስታውስ እሱን ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለቴ። «አንዱን ምረጥ እንጂ» ብለው ቢቆጡት «ደንቡ ላይ ሁለት መግባት ይከለከላል የሚል አንቀጽ አሳዩኝ» አለ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ አንቀጽ እንደሚያስፈልግ በምን አውቄ?

በነሐሴ ኢንተርኔቱ ተዘጋ። በፍልሰታው ጾም መሀል፣ ዝናቡ ሳያባራ በነጋበት ቀን፣ እማማ ፀሐይ ዐረፉ።

ቆጣሪው፣ ማጣሪያው፣ የቋንቋ ቁልፉ፣ አርባ ሺው ፕለጊን ሁሉ አንድ የማይከፈት ነጭ ገጽ ሆነ። ቦጂያ ስልኩን ይዞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ገጹን ደጋግሞ ይነካል። አለሙ ጥሩምባውን ይዞ መጣ። የአቶ ሰለሞን ወገን ንብረት ነውና ለእነሱ አባላት ብቻ እንዲነፋ ታዟል። ወጥቶ ነፋ። ጥሩምባ ደግሞ ቋንቋ መምረጫ ቁልፍ የለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሰበታና ሱሉልታ ያሉትን በስልክ አዳረስናቸው።

መጡ። ሁለቱም እድሮች መጡ። ነገር ግን ሁለቱም ደንብ አላቸው፤ ለአባላቸው ድንኳን መትከል ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ጠባቧ ግቢ ውስጥ ሁለት ድንኳን ተተከለ፤ ትልቁ በግራ፣ ትንሹ በቀኝ። በመሀላቸው አንድ ክንድ የምትሆን ክፍተት ቀረች። ዝናቡ በዚያች ክፍተት እንደ ቧንቧ ይወርዳል። በግራ ንፍሮ ዞረ፤ በቀኝ ንፍሮ ዞረ። አንዱ ንፍሮ ጨው በዝቶበታል፤ የየትኛው እንደነበር አልናገርም።

ቦጂያ አንድ ድንኳን ነበር የፈለገው። ከቀብር ተመልሶ ግቢው በር ላይ ቆሞ ሁለቱን አየ። የሚያለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁት። ዞር ብሎ ወጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የኢንተርኔት ቤቱን ሰማያዊ ገመድ ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ተመለሰ፤ ከግድግዳው ነቅሎ ነው ያመጣው፤ ለምንም አይረባም ነበርና በዚያ ሳምንት። ወንበር ላይ ቆመና የግራውን ድንኳን ጠርዝ ከቀኙ ጠርዝ ጋር በቀለበቶቹ እያሾለከ መስፋት ጀመረ። ኦቦ ነገሳ አዩት። አቶ ሰለሞን አዩት። ማንም ተው አላለውም። ማንም አላገዘውም።

ሲጨርስ ክፍተቷ ጠፋች። ዝናቡ ግን ገመዱን ተከትሎ ከስፌቱ ጫፍ እስከ ጫፍ መንጠባጠብ ጀመረ። ሰው ከሁለቱም በኩል ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ሄጄ ከስፌቱ ሥር ተቀመጥኩ።

«ጸሐፊ፣ ያንጠባጥብብሃል፤ ወደዚህ ና» አሉ ኦቦ ነገሳ።

«ጸሐፊ፣ በዚህ በኩል ቦታ አለ» አሉ አቶ ሰለሞን።

«ደህና ነኝ» አልኩ ለሁለቱም። አንገቴ ሥር አንድ ቀዝቃዛ ጠብታ ገብቶ ወደ ጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል።

ቦጂያ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዞ መጣ። እግሮቼ መሀል አስቀመጠው። ጠብታው ከጎኑ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ገፋው፤ አሁንም ከጎኑ ወደቀ። መልሶ ወደ ቀኝ ገፋው፤ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ጠበቀ። ዓይኑ ቀልቷል። የሚቀጥለው ጠብታ ሳፋው መሀል ገባ።

«ይሻላል?» አለኝ።

የሸሚዜ ትከሻ ርሷል። «ይሻላል» አልኩት።